ከሾላ ገበያ እስከ እንጦጦ ዳገት፦ የትንሽ ነጋዴ ትልቁ ጥያቄ ቦታ ነው

ከኮተቤ የሚነሱት ሚኒባሶች መገናኛን ገና ሳያጨናንቁ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የላሜራ በሮች መከፈት ይጀምራሉ። ሾላ ገበያ ውስጥ ቅቤ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ይዘረጋሉ፤ ሚዛን ይስተካከላል፤ ለጋ ነው በሳል ነው የሚለው ክርክር ከማለዳው ይጀመራል። ከዋናው አስፋልት ገባ ባለው መንገድ ላይ ደግሞ ወርዱ ሦስት እርምጃ የማይሞላ የባልትና ሱቅ አለ፤ የካን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ሱቅ በየመታጠፊያው ያገኘዋል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ሚጥሚጣው በባልዲና በከረጢት ተደርድሯል። ንግድ ፈቃዱ በመስታወት ፍሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሚዛኑ ጎን ጠርዙ የተጠቀለለ፣ ዘይትና በርበሬ የጠገበ የተማሪ ደብተር ይቀመጣል። የሱቁን ሀብት ቁጠር የተባለ ሰው ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ያርፍ ይሆናል። ከሀብቱ ትልቁ ክፍል ግን ያለው በዚያ ደብተር ውስጥ ነው።

ደብተሩ የዱቤ መዝገብ ነው። በየገጹ አናት ላይ የሚጻፈው የመታወቂያ ስም አይደለም፤ «የመምህሩ ቤት»፣ «ዘበኛው»፣ «ፎቅ ያሉት» ነው የሚለው። ከሥሩ ግማሽ ኪሎ ሽሮ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ሁለት ሳሙና እያለ ይወርዳል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይሰረዛል። ወለድ የለውም፤ ዋስ የለውም፤ ተበዳሪው አይፈርምም። ሆኖም የካን በመሰለ፣ አብዛኛው ሰው ወር በገባ በሃያኛው ቀን እጁ በሚያጥርበት ክፍለ ከተማ፣ የብዙ ቤተሰብ ምድጃ የሚነደው በዚህ ብድር ነው። ዋስትናው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለቱም እዚያው መኖራቸው። ባለሱቁ ነገም በሩን እዚሁ እንደሚከፍት፣ ደንበኛውም ነገ በዚሁ በር እንደሚያልፍ ይተማመናሉ። ከሁለቱ አንዱ ሰፈሩን ሲለቅ ደብተሩ ተራ ወረቀት ይሆናል። ባለሱቁ ዕዳውን ይዞ በየኮንዶሚኒየሙ አያንኳኳም፤ ቢያንኳኳም «ፎቅ ያሉት» የት እንደገቡ የሚነግረው የለም።

ስለ ትንሽ ንግድ ችግር ሲነሳ የተለመደ ዝርዝር አለ። ብድር የለም፣ ግብር ከበደ፣ መብራት ጠፋ፣ ዕቃ ተወደደ ይባላል። ከዝርዝሩ ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር የለም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን የእነዚህ ችግሮች ሥር አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል የሚል ነው፤ እሱም በጥሬ ትርጉሙ ቦታ ነው። የአዲስ አበባ ትንሽ ነጋዴ የሚሠራበትን ቤት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዘው አያውቅም። ይህን ባለማወቁ ደግሞ ብድሩም፣ ግብሩም፣ ሥልጠናውም፣ ማሽኑም የሚገባቸውን ፍሬ አያፈሩለትም። ችግሩን ከዚህ ጫፍ ካልያዝነው፣ ለትንሽ ነጋዴ የምናደርገው ሌላው ድጋፍ ሁሉ ሰው ነገ በሚለቀው ግቢ ውስጥ እንደሚተከል ችግኝ ነው።

የንግድ ቤት ኪራይ በተግባር እንዴት እንደሚፈጸም ማየት ያስፈልጋል። ቤቱ በደላላ ይገኛል። አከራዩ የሦስት ወር፣ የስድስት ወር፣ አንዳንዴም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቃል። ውሉ ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት ነው። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የተረጋገጠ የኪራይ ውል ስለሚያስፈልግ አንድ ወረቀት ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋና በእጅ የሚከፈለው ዋጋ ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ዓመቱ ሲያልቅ አከራዩ ዋጋ ይጨምራል፤ ወይም ቤቱ ለልጄ ተፈልጓል ይላል፤ ወይም የተሻለ ሰጪ መጥቷል። ተከራዩ የሚከራከርበት መሠረት ስለሌለው ይጨምራል አለዚያም ይወጣል። ሲወጣ የሚይዘው ከግድግዳ ሊነቀል የሚችለውን ብቻ ነው። ሴራሚኩን፣ ቧንቧውን፣ ኮርኒሱን፣ የመስታወት በሩን ትቶ ይሄዳል። የብየዳና የእንጨት ሥራ ቤት ከሆነ ከሁሉ የሚያንገበግበው ባለ ሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። ለእሱ የተመላለሰበት ጊዜና የከፈለው ገንዘብ የቤቱ ይሆናል፤ አዲሱ ቦታ ላይ ማመልከቻው ከሀ ይጀምራል፤ ማሽኑም እስከዚያ ላስቲክ ለብሶ ይቀመጣል።

ይህ እንዴት ወደ ዋጋና ወደ ኪሳራ እንደሚለወጥ ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ የውበት ሳሎን ቤቱን ለማሳመርና ለማደራጀት 300,000 ብር አወጣ እንበል። ውሉ የአንድ ዓመት ከሆነ ባለቤቱ ይህን ወጪ በ12 ወር መመለስ አለበት፤ በወር 25,000 ብር ማለት ነው። ውሉ የአምስት ዓመት ቢሆን ወጪው በ60 ወር ይከፋፈልና በወር 5,000 ብር ይሆናል። ሳሎኑም፣ ሠራተኛውም፣ ደንበኛውም ያው ናቸው፤ የተለየው በወረቀት ላይ ያለው ዘመን ብቻ ነው። በወር የ20,000 ብር ልዩነት ሁለት ሠራተኛ ሊቀጥር የሚችል ገንዘብ ነው፤ ወይም የፀጉር መሥሪያውን ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ የሚያደርገው ግልጽ ነው፤ 300,000 አያወጣም። አሮጌውን ወንበር ጠግኖ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀብቶ፣ ቆርቆሮውን በላስቲክ ደፍኖ ይሠራል። ከዚያ እኛ «የአገራችን ትንሽ ነጋዴ አያድግም፣ ሥራውን አያዘምንም» ብለን እንወቅሰዋለን። እንዲያድግበት የሚያስችል ዘመን የሰጠው ግን የለም።

የሥራው ወቅት ደግሞ በዓመት ውል ላይ ተጨማሪ ጫና ነው። ልኳንዳ ቤትን እንውሰድ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ በሚኖርባቸው የየካና የእንጦጦ ሥር ሰፈሮች በዚያ ጊዜ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ፍልሰታም 15 ቀን ይወስዳል። ኪራይ ግን አይጾምም። ክረምት ሲገባ ጭቃው የውስጥ መንገዱን ደንበኛ ይቀንሳል። ከዓመቱ ወራት የማይሠራባቸውን በሚሠራባቸው እያቻቻለ የሚኖር ንግድ፣ የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ዘመን ነው፤ መጥፎውን ዓመት በደህናው የሚክስበት።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል፦ ዋናው ችግር ገንዘብ ነው፤ ነጋዴው ራሱ ሲጠየቅ የሚለው ብድር ነው። እውነት ነው፤ ነጋዴዎችን የሚጠይቁ ጥናቶችም ብዙ ጊዜ ብድርን ከፊት ያስቀምጣሉ። ግን ብድሩ ለምን አይገኝም ብለን አንድ ደረጃ እንውረድ። ባንክ የሚፈልገው የቤት ካርታ ነው፤ ተከራይ ካርታ የለውም። መንግሥት ይህን ተረድቶ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1147 አውጥቶ ማሽን፣ ሸቀጥ፣ ተሰብሳቢ ሒሳብ ሳይቀር በዋስትና እንዲያዝ ፈቅዷል። መልካም ሕግ ነው። ይሁንና አበዳሪው በዋስትና የያዘው ማሽን በሚቀጥለው ዓመት የት ሰፈር እንደሚሆን ካላወቀ ልቡ አይደፍርም። አዲስ ብድርና ቁጠባ ለዓመታት በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል፤ የቡድን ዋስትናም የሚቆመው ሰዎቹ አንድ አካባቢ ሲሠሩና ሲተያዩ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር በኋላ አነስተኛ ብድር በስልክ ማቅረቡም ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግን ያ ገንዘብ ሸቀጥ ይሞላል እንጂ ሱቅ አያቆምም። ብድር ቦታ ያለውን ነጋዴ ያሳድጋል። ቦታ የሌለው ነጋዴ የወሰደው ብድር ቅድመ ክፍያ ሆኖ ወደ አከራዩ ኪስ ይገባና ዕዳው በእጁ ይቀራል።

የዕቃ ዋጋና የምንዛሪ ነገርም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ትንሹ ነጋዴ ዛሬ በሸጠበት ዋጋ ነገ መልሶ መግዛት አቃተው። ያለአግባብ ዋጋ ጨምረዋል ተብለው የታሸጉ ሱቆችም ነበሩ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው። እነዚህ ከባድ ናቸው። ግን የሁሉም ናቸው፤ ትልቁንም ትንሹንም፣ ተፎካካሪንም ይነካሉ፤ ነጋዴው ዋጋውን አስተካክሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ከቦታ መነቀል ግን አንዱን ብቻ ለይቶ ይመታል፤ ደንበኛውን ጎረቤት ሱቅ ላይ ጥሎበት ይሄዳል።

መነቀል በራሱ ምን ያህል ያስከፍላል? ቦታ የለወጠ ነጋዴ በንግድ ምዝገባውና በፈቃዱ ላይ አድራሻ ማስለወጥ አለበት። አዲስ ውል ያስፈልገዋል፤ ውሉ መረጋገጥ አለበት። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ በአድራሻ የተመዘገበ ስለሆነ ለግብር ሰብሳቢው ሳያሳውቅ አንስቶ ሌላ ቦታ ላይ ሊሰካው አይችልም። ክፍለ ከተማ ከለወጠ ፋይሉ ወደ ሌላ የግብር ቅርንጫፍ ይዛወራል፤ ለማዛወርም ክሊራንስ ይጠየቃል። ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ መነቀሉ በዚያ መሃል ከገጠመ ወረፋው ይደራረባል። ሳይንቀሳቀሱ አድራሻቸው የተቀየረም አሉ፤ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲቋቋም፣ ሱቁ እዚያው ቆሞ ጽሕፈት ቤቱ ሌላ ሆነ። ሰው ቀጥሮ ሱቅ የሚያስጠብቅ ትልቅ ነጋዴ ይህን በጉዳይ አስፈጻሚ ይጨርሳል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን ለእያንዳንዱ ጉዳይ በሩን መዝጋት አለበት፤ በር የተዘጋበት ቀን ደግሞ ገቢ የለውም።

ሕጋችን ቦታ የንግድ አካል መሆኑን ያልተረዳ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ የተባሉ ፈረንሳውያን የሕግ ሊቃውንት ያረቀቁት፣ የንግድ መደብር ከዕቃውና ከቤቱ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ሀብት እንደሆነ ደንግጎ ነበር። ዋናው አካሉም መልካም ዝናው፣ ማለትም ከለመዱት ደንበኞች ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ሥራው የሚካሄድበትን ቤት የመከራየት መብትም ከአካላቱ ተቆጥሯል። የዱቤው ደብተር የሚናገረውን ሕጉ በራሱ ቋንቋ ተናግሮታል ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ ከመጣበት አገር ግን የኪራዩ ጥበቃ አብሮት ይሄዳል። በፈረንሳይ የንግድ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ ለዘጠኝ ዓመት ነው፤ ተከራዩ በየሦስት ዓመቱ መልቀቅ ይችላል፤ አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት አላድስም ካለ ለጠፋው ንግድ ካሳ ይከፍላል። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ ለንግድ ተከራይ ውሉን የማደስ መብት ይሰጣል፤ ባለቤቱ እምቢ የሚልባቸው ምክንያቶች በሕጉ ተዘርዝረዋል። የሁለቱ አገሮች ለጋሲዮኖች በምኒልክ ዘመን በተሰጣቸው ሰፊ ግቢ ዛሬም በዚሁ አካባቢ አሉ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሰፈር ስም እስከመሆን ደርሷል። ከአጥሮቻቸው ውጭ ባሉት ሱቆች ውስጥ ግን የዓመት ውል ይዘው፣ ሰኔ ሲመጣ ሆዳቸው የሚባባ ሰዎች ይሠራሉ።

የቦታን ዋጋ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ግን ሱቅ ኖሮት የማያውቀው ነጋዴ ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ደን እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ቀበናና ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ ሴቶች የአዲስ አበባ ጥንታዊ ነጋዴዎች ናቸው። ከተማዋ ስትመሠረት የአካባቢው ደን ተመናመነ፤ በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ገብቶ ተራራውን ሲሸፍን፣ ማገዶዋን በጀርባቸው ያወረዱላት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ሸክሙ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ጀርባን ያጎብጣል፤ በመንገድ ላይ ጥበቃ ይገጥማል፤ ገመድና ማጭድ ይወሰዳል። እነሱን ሊረዱ የሞከሩ ሁሉ መጀመሪያ የተረዱት ነገር ትርፋቸው ትንሽ የሆነው ስለማይሠሩ አለመሆኑን ነው። ሌሊት ተነስተው የሚሄዱትን ያህል የሚሠራ የለም። ያጡት ዕቃቸውን አስቀምጠው ደህና ዋጋ የሚጠብቁበት፣ ደንበኛ ሊፈልጋቸው ሲመጣ የሚያገኛቸው ቦታ ነው። የተሸከመ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ ከመምሸቱ በፊት ማራገፍ አለበት። የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አባላት ሽመናን ይዘው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰባሰቡ የተለወጠው ይህ ነው። ሻርፕና ነጠላ እየሠሩ ገዢው እነሱ ወዳሉበት እንዲመጣ አደረጉ፤ ጥጡ ሲወደድ ጠብቀው፣ ዋጋው ሲረክስ አቆይተው ሊሸጡ ቻሉ። የእጅ ሙያ መማራቸው ወሳኝ ነበር፤ ግን ሙያው ያለ መሸመኛ ቤት ምን ይሆን ነበር?

ሁለተኛው ተቃውሞ የከተማ ልማት ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ በጣም ጠንካራ የሆነው እሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ ቀይሮታል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱ ደምቋል፤ ከዚያ በፊት ለእግረኛ የማይመቹ ቦታዎች ዛሬ ይመቻሉ። ከላይ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለአካባቢው ጎብኚ አምጥቷል። ከተማ መለወጥ አለባት፤ ጠባብ ቆርቆሮ ሱቅ ለዘላለም ይኑር ብሎ የሚከራከር ሰው ራሱ በዚያ ሱቅ ውስጥ ክረምት አላሳለፈም። ክርክሩ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ለልማት የሚነሳ ቤት ካሳ ሲታሰብ ከፊት የሚታየው ባለይዞታው ነው። እዚያ ቤት ውስጥ 15 ዓመት የሠራው ተከራይ ነጋዴ ይዞታ ስለሌለው፣ የገነባው ዝናና በደብተሩ ያለው ገንዘብ ሒሳብ ውስጥ ለመግባት ይቸገራሉ። ከዚያም በላይ፣ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ሲዛወር ያልተነሳው ሱቅ ሳይቀር ደንበኛውን ያጣል። በ2017 ዓ.ም. በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት እንዲሆኑ ተወስኗል፤ ለትልቅ መደብር ሁለተኛ ፈረቃ መቅጠር ነው፤ ብቻዋን ለምትሠራ ሴት ግን ልጆቿን ማን ያስተኛል የሚል ጥያቄ ነው። ልማቱ ያመጣው ሰፊ መንገድ ተጠቃሚ መሆን የሚገባው እዚያው የቆየው ነጋዴ ነበር። መንገዱ ባማረ ማግሥት ግን ኪራይ ይጨምራል፤ መጀመሪያ የሚለቀውም ያንን ጭማሪ መሸከም የማይችለው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአከራዩ ወገን የሚመጣ ነው፤ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። አከራዩም ኑሮ ተወዶበታል። ብዙው የየካ አከራይ ባለሕንፃ አይደለም፤ ግቢው ፊት ለፊት ሁለት ክፍል ሱቅ ሠርቶ በእሷ ኪራይ ጡረታውን የሚደጉም ሰው ነው። በጣሪያና ግድግዳ ግብር ላይ ጭማሪ መጥቶበታል፤ ከኪራይ ገቢውም እስከ 35 በመቶ ግብር ሊከፍል ይገባዋል። ገንዘብ በየዓመቱ ዋጋ እያጣ ባለበት አገር ለአምስት ዓመት በአንድ ዋጋ አከራይ ማለት ቤትህን ስጥ ማለት ነው። በተጨማሪም የኪራይ ጣሪያ መጣል ቤት እንዳይሠራ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ደግሞም ከራሳችን ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የቀበሌና የኪራይ ቤቶች ንግድ ቤቶች ለአሥርት ዓመታት በማይነካ፣ በጣም ርካሽ ኪራይ ተያዙ። ያ ጽናት ብዙ ነጋዴ አቋቁሟል፤ የቤተሰብ ስም የሆኑ ሱቆች ከዚያ ወጥተዋል። ዋጋው ከገበያው እጅግ በመራቁ ግን ቁልፍ መሸጥ የሚባል ንግድ ፈጠረ፤ ቤቱን የያዘው ከመሥራት ይልቅ ማስተላለፉ አዋጣው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ዋጋን ከዘመን መለየት ነው። እዚህ የሚጠየቀው ርካሽ ኪራይ አይደለም። ዋጋው በገበያው ይሁን፤ ዘመኑ ግን የታወቀ ይሁን፤ ጭማሪው በምን ቀመርና መቼ እንደሚመጣ በውሉ ይጻፍ። እንዲህ ያለ ውል አከራዩንም ይጠቅማል፤ በየዓመቱ ደላላ ከመክፈልና ቤቱ ባዶ ከመቆየት ያድነዋል።

ነጋዴውስ ንጹሕ ነው ወይ የሚልም አለ። ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ የሚጽፉት አከራይና ተከራይ ተስማምተው ነው፤ ደረሰኝ የማይቆርጥ ነጋዴም ሞልቷል። ስለዚህ ሕግ የማያከብር ሰው የሕግ ከለላ ለምን ይጠይቃል? መልሱ በ2009 ዓ.ም. ከታየው የቀን ገቢ ግምት ግርግር ውስጥ አለ። ያኔ የሒሳብ መዝገብ የማይዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ገቢ በግምት ሲወሰን ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል አቤቱታ በአዲስ አበባ በየወረዳው ጎረፈ፤ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ እስከ መዝጋት ተደረሰ። ገማቹ ያየው የቆመውን ሱቅ ነው፤ ያላየው ቅድመ ክፍያውን፣ የዱቤውን ደብተርና የሚመጣውን መነቀል ነው። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ የትንሹን ግብር ከፋይ ምድብ ለውጦ ሁሉንም ወደ መዝገብና ደረሰኝ እየገፋው ነው። አቅጣጫው ልክ ነው። ግን መዝገብ የሚይዘው ነገ የሚኖር ነጋዴ ነው። እውነተኛ ውል የያዘ፣ ለሦስት ዓመት በሩን የሚያውቅ ነጋዴ እውነተኛ ኪራዩን ወጪ አድርጎ ለማስያዝ ይፈልጋል፤ አከራዩም የተመዘገበ ውል ይዞ ገቢውን መደበቅ ይከብደዋል። በተቃራኒው፣ የዓመት ውል ያለው ሰው ዛሬ የሚያገኘውን ይዞ መሸሽን ይማራል። ሐቀኝነትን ከሰው እንጠብቅ፤ ሐቀኛ መሆን የሚያዋጣበትን ሁኔታ መፍጠር ግን የሕግ ሥራ ነው።

ይህ ደግሞ ከአቅማችን በላይ የሆነ ነገር አይደለም፤ ለመኖሪያ ቤት አድርገነዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ አድርጓል። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይፈቅድም፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኗል። በአፈጻጸሙ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ ግን ተከራይ የሚጠቅሰው አንቀጽ አገኘ። የአዋጁ ስም እንደሚለው የሚመለከተው መኖሪያን ነው። አንዲት ሴት ለልጆቿ በተከራየችው አንድ ክፍል የሁለት ዓመት ዋስትና አላት፤ ልጆቿን የምታበላበት ሱቅ ላይ ግን የላትም። ይህን ልዩነት የሚያስረዳ ምክንያት ይኖራል ብዬ አላምንም፤ የተረሳ ይመስለኛል።

ስለዚህ ጥያቄው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለአዲስ አበባ ምክር ቤት በግልጽ ይቅረብ። የንግድ ቤት ኪራይን የሚመለከት ሕግ ይውጣ፤ ለትንንሽ ንግዶች ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል፣ የስድስት ወር የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ፣ ተከራዩ በአከራዩ ፈቃድ ለሠራው እድሳት ተመጣጣኝ ክፍያ ይደንግግ። የልማት ተነሺ ሲመዘገብ በቤቱ ውስጥ የሚሠራው ተከራይ ነጋዴም በስሙ ይመዝገብ፤ በአዲሱ ቦታ ወይም ደንበኞቹ በተዛወሩበት መንደር መሥሪያ ቦታ ለመከራየት ቅድሚያ ይሰጠው። በኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤት ያሉ ንግድ ቤቶች ሁሉ በጨረታ ለከፍተኛ ሰጪ ከሚሄዱ፣ የተወሰኑት ለእነዚህ ሰዎች በኪራይ ይያዙ። የአድራሻ ለውጥ በአንድ መስኮት ይለቅ። ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ አከራይም ተከራይም የሚጠብቁት ነገር የለም፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ውል ስታድሱ አንድ ዓመት በሚለው ፋንታ ሦስት ብላችሁ ጻፉ፤ የየዓመቱን ጭማሪ ተስማምታችሁ ከሥሩ አስፍሩ፤ ትክክለኛውን ዋጋ ጽፋችሁም ሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግቡት።